ሚኒሞው የሚንቀጠቀጥ የኮመን ሬል ናፍጣ ሞተር፦ ኢንጀክተር ከመግዛት በፊት የኮምፒዩተሩን እርማት ማንበብ

ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለሁሉም ሲሊንደር የሚያከፋፍል የጋራ ቧንቧ፣ «ሬል») የተገጠመለት የናፍጣ ሞተር ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ኢንጀክተር ነው። አራት ኢንጀክተር ውድ ነው፤ ተቀይሮም መንቀጥቀጡ ባለበት የሚቀጥልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ችግሩ ያለው ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሞተሩን የሚያስተካክለው ኮምፒዩተር በየትኛው ሲሊንደር ላይ ምን ያህል ናፍጣ እየጨመረና እየቀነሰ እንደሆነ ራሱ ይናገራል፤ ይህን ሳያነቡ ዕቃ መፍታት ገንዘብ ማባከን ነው።

የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች በአብዛኛው በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት ለሚታዩት የቶዮታ 2ኬዲ ባለ 2.5 ሊትርና 1ኬዲ ባለ 3.0 ሊትር ሞተሮች ናቸው፤ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ሃይኤስ ላይ የሚገኙት ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ለማንኛውም ኮመን ሬል ይሠራል።

ኮምፒዩተሩ ምን እየሠራ ነው?

የናፍጣ ሞተር በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም፤ ፍጥነቱን የሚወስነውም የሚረጨው ናፍጣ መጠን ነው። በድሮዎቹ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ይህን መጠን የሚቆጣጠረው ፖምፓው ውስጥ ያለ፣ በክብደትና በስፕሪንግ የሚሠራ ገቨርነር ነበር። ኮመን ሬል ይህን ሥራ ለኤሌክትሮኒክስ ሰጠው። ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1995 በሂኖ የጭነት መኪና ላይ፣ ቦሽ ደግሞ በ1997 በአልፋ ሮሜዮ 156 ላይ ካወጡት ወዲህ ፖምፓው የሚሠራው ግፊት ማመንጨት ብቻ ነው። መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው።

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር አራቱ ሲሊንደሮች በድምሩ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይቀጣጠላሉ። በያንዳንዱ ጊዜ የሚገባው ናፍጣ ከ5 እስከ 10 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ተራ የውሃ ጠብታ 50 ያህል ስለሚሆን የጠብታ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ከዚያም ላይ 1 ወይም 2 ኪዩቢክ ሚሊሜትር የምትሆነው ተቀንሳ ከዋናው ርጭት ቀድማ ትገባለች። ይህች ቅድመ ርጭት ሲሊንደሩን ስለምታሞቀው ዋናው ናፍጣ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ አያንኳኳም። ቅድመ ርጭቱ ሲበላሽ ሞተሩ የድሮ መኪና ድምፅ ያወጣል።

ከክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚዞር ጥርሳም ጎማ አለ፤ በነዚህ የቶዮታ ሞተሮች የ36 ጥርስ ቦታ ሲኖረው ሁለቱ ጥርሶች ሆን ተብለው ጎድለዋል። ሴንሰሩ ጥርሶቹ በፊቱ ሲያልፉ ይቆጥራል፤ የጎደሉት ሁለቱ ደግሞ ክራንክሻፍቱ የት እንደደረሰ ያሳውቁታል። በአራት ሲሊንደር ሞተር በየ180 ዲግሪው አንድ ሲሊንደር ይቀጣጠላል። ሲሊንደሩ በደንብ ከገፋ ጥርሶቹ ፈጠን ብለው ያልፋሉ፤ ከደከመ ይዘገያሉ። ኮምፒዩተሩ ይህን የሴኮንድ ሺኛ ልዩነት ለክቶ ለደካማው ናፍጣ ይጨምራል፣ ከጠንካራው ይቀንሳል፤ እርማት የምንለው ይህን ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። ኮምፒዩተሩ ድክመቱን ለወራት ሊሸፍነው ይችላል። መንቀጥቀጡ የሚሰማው እርማቱ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ነው።

መሣሪያና ጥንቃቄ

የሚያስፈልገው የብልሽት ኮድ ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ቁጥሮች በቀጥታ የሚያሳይ ስካነር ነው። በስልክ የሚሠሩት ርካሽ አስማሚዎች የሬል ግፊት፣ የሙቀትና የአየር ግፊት ያሳያሉ፤ የየሲሊንደሩን እርማት ግን ብዙዎቹ አያሳዩም። ለዚያ የመኪናውን አምራች ፕሮግራም የሚያነብ ስካነር ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ ጥሩ ዲጂታል ቴስተር፣ አንድ ሜትር ያህል ውስጡ የሚታይ የናፍጣ ቱቦ፣ ንጹሕ ጠርሙስና የማይበጣጠስ ንጹሕ ጨርቅ ያዘጋጁ።

አሁን ስለ ደኅንነት። በድሮ ሞተሮች ላይ ደካማውን ሲሊንደር ለማግኘት ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተሩን ቱቦ ዳዶ ማላላት የተለመደ ነበር። በኮመን ሬል ላይ ይህ ፈጽሞ አይደረግም። ሚኒሞ ላይ እንኳ ሬሉ ውስጥ ያለው ግፊት 300 ባር ገደማ ነው፤ በጭነት ከ1,600 ባር ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳው ትንሽ ስለሚሆን ቀላል ቢመስልም አስቸኳይ የቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ነው። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን እንጂ በእጅ አይደለም። ቱቦ የሚፈታው ሞተሩ ጠፍቶ በስካነሩ ላይ የሬል ግፊቱ ዜሮ አካባቢ መድረሱ ከታየ በኋላ ብቻ ነው።

ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር ሶኬት መንቀልም አይገባም። ኢንጀክተሩን የሚከፍተው ኤሌክትሪክ ከባትሪው ብዙ እጥፍ፣ ከ50 ቮልት በላይ ነው። ሰውንም ይጎዳል፣ ኮምፒዩተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ሲሊንደር ለይቶ ማጥፋት ሲያስፈልግ በስካነሩ ትእዛዝ ያጥፉ።

1. ባትሪና ማሳ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ከሁሉም የሚቀለውና የሚረክሰው ደግሞ እሱ ነው። ያደረ ባትሪ ሞተሩ ሳይነሳ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት ማሳየት አለበት። ሞቶሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲያዞር ከ9.5 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ወይም ገመዱ ይታይ። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ሲሞላ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ይጠበቃል።

ከዚያ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና ማራገቢያ በርተው፣ ልዩነቱ ከ0.1 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ የማሳው ገመድ፣ ማለትም የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው፣ ዝጓል ወይም ላልቷል። ሴንሰሮቹ በ5 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ማሳ ላይ የሚጠፋ ግማሽ ቮልት በሬል ግፊት ንባብ ላይ ከ200 ባር በላይ ስሕተት ሊያመጣ ይችላል። በማሳ ምክንያት የተቀየረ ፖምፓ በጣም ያሳዝናል።

2. ኮዱን መጻፍ

ኮዱን ከነሙሉ ቁጥሩና ኮዱ ሲመዘገብ ከተያዙት መረጃዎች ጋር፣ ማለትም ከሙቀቱ፣ ከዙሩና ከሬል ግፊቱ ጋር ይጻፉ ወይም ፎቶ ያንሱ። ሳይጻፍ የጠፋ ኮድ መልሶ አይገኝም።

በኮዶቹ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ፒ0190 የሬል ግፊት ሴንሰሩን ሽቦ ይመለከታል፤ ፒ0087 ግን በአብዛኛው ግፊቱ እውነትም አንሷል ማለት ነው። ፒ0088 ግፊቱ በዝቷል፣ ፒ0093 ትልቅ የናፍጣ ፍሳሽ አለ፣ ፒ0335 የክራንክ ሴንሰር፣ ፒ0340 የካም ሴንሰር፣ ፒ0299 ቱርቦው ከሚፈለገው በታች እየገፋ ነው። ቶዮታ ላይ ፒ1229 የፖምፓውን አሠራር ይመለከታል። ፒ0087 አይተው ሴንሰሩን የሚቀይሩ አሉ፤ ያ ኮድ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚመራው ወደ ፊልትሮና ወደ ፖምፓ ነው።

ኮድ ከሌለ ምርመራው አላበቃም። እርማቱ ጣሪያ ካልነካ ኮምፒዩተሩ ኮድ አይመዘግብም።

3. ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ

ከሁሉም ብዙ መረጃ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ምንም ዕቃ አይፈታም። መኪናው አድሮ፣ ጠዋት፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱና ስካነሩን ያንብቡ።

የራዲያተር ውሃ፣ የሚገባው አየርና የናፍጣው ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ልዩነት እኩል መሆን አለባቸው፤ ሁሉም ሌሊቱን እዚያው አንድ ቦታ ስላደሩ። አንዱ ከሌሎቹ በ10 ዲግሪ ከራቀ እሱ ነው የሚዋሸው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ካሳየ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ሶኬቱ ተነቅሏል፤ ከ120 በላይ ካሳየ ሽቦው ከማሳ ጋር ተነካክቷል። በቴስተር ለማረጋገጥ፣ የቶዮታ የውሃ ሙቀት ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2.3 እስከ 2.6 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ 0.32 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። ይህ ሴንሰር «ሞተሩ ሞቋል» ብሎ ከዋሸ ካንዴሌታዎቹ (ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁት) በቂ ጊዜ አይሞቁም፣ የጠዋት ተጨማሪ ናፍጣም አይሰጥም፤ ነጭ ጭስና መንቀጥቀጥ ይከተላል።

ቀጥሎ የአየር ግፊት። ሞተሩ ሳይነሳ የማኒፎልድ (የአየር መግቢያው) ግፊት ሴንሰሩ የአካባቢውን አየር ግፊት ብቻ ያሳያል። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል ነው። አዲስ አበባ ከ75 እስከ 78፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ 82 ገደማ፣ ድሬዳዋ 88 ገደማ። አዲስ አበባ ላይ 95 የሚያሳይ ሴንሰር ኮምፒዩተሩን የሌለ አየር አለ ብሎ ያሳምነዋል፤ ውጤቱ ናፍጣ መብዛትና ጥቁር ጭስ ነው። ከውጭ በመጡ መመሪያዎች ላይ ያለው «መደበኛ 100 ኪሎ ፓስካል» የሚለው ቁጥር ለደጋ አገር አይሠራም። ይህን ባለማወቅ ደህና ሴንሰር ይጣላል፣ የተበላሸውም «ልክ ነው» ይባላል።

የሬል ግፊቱ ዜሮ መሆን አለበት። የሴንሰሩ ውጤት በዜሮ ግፊት እንደ አምራቹ ከ0.5 እስከ 1 ቮልት ነው። ካደረ በኋላ 50 ባር የሚያሳይ ከሆነ ሴንሰሩ፣ ሽቦው ወይም ማሳው ችግር አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚነበበው የግፊት ቁጥር ሁሉ አይታመንም።

በመጨረሻም የነዳጅ መስጫውን ፔዳል ቀስ ብለው እስከ ታች ይጫኑ። ሁለት ምልክት አለው፤ ሁለቱም ሳይዘሉና ሳይቆራረጡ አብረው መውጣት አለባቸው። ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒዩተሩ ጉልበቱን ይቆርጣል።

4. ማስነሳትና የመንቀጥቀጡን ዓይነት መለየት

ሞቶሪኖው ሲያዞር ስካነሩ ላይ ዙር ካልታየ የክራንክ ሴንሰሩ ምልክት አልደረሰም። ዙር እየታየ የሬል ግፊቱ ከ150 እስከ 250 ባር ካልደረሰ ኮምፒዩተሩ ኢንጀክተሮቹን አይከፍትም፤ ሞተሩም አይነሳም። ግፊትም ዙርም ደህና ሆነው ካልተነሳ የካም ሴንሰሩን፣ የኢንጀክተር መንጃ ሣጥኑን ቫልቮላ (ፊውዝ) እና ሌባን የሚከላከለውን የቁልፉን መለያ ይመልከቱ።

ተነስቶ ሲሞቅ የሬል ግፊቱ ሚኒሞ ላይ ከ250 እስከ 350 ባር መሆን አለበት። በስካነሩ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ኮምፒዩተሩ የሚፈልገው ግፊትና በእርግጥ ያለው። ሁለቱን በግራፍ አብረው ያውጧቸው።

እዚህ ላይ መንቀጥቀጡን በጆሮና በእጅ ይለዩት። አንድ ሲሊንደር ብቻ ሲደክም በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ይመታል፤ በ750 ዙር ይህ በሴኮንድ 6 ጊዜ ገደማ ነው። ፈጣንና እኩል የሆነ፣ መሪው ላይ የሚሰማ ንቅናቄ ማለት ነው። የዙር መውጣትና መውረድ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ዙር ቆጣሪው ከ650 ወደ 850 ከፍ ዝቅ ሲል በሴኮንድ አንድ ጊዜ ወይም ከዚያም በታች ነው። የመጀመሪያው ወደ ደረጃ 7 ይወስድዎታል። ሁለተኛው የግፊት ቁጥጥር ወይም የአየር መግባት ችግር ነው፤ ኢንጀክተር ቢቀየርም አይድንም። ብዙ ወጪ የሚድነው በዚህች የአንድ ደቂቃ ልየታ ነው።

5. ናፍጣው እስከ ፖምፓው የሚመጣበት መንገድ

ፖምፓው የማይደርሰውን ናፍጣ ሊገፋ አይችልም። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ ውስጡ የሚታየውን ቱቦ ያስገቡና ሞተሩን ያስነሱ። አየር ከተነፈሰ በኋላ ናፍጣው ያለ አረፋ መፍሰስ አለበት። ያልተቋረጠ የአረፋ ሰንሰለት ካለ ከሰርባቶዮው (ከናፍጣ ታንከሩ) እስከ ፊልትሮው ባለው መስመር አየር እየገባ ነው፤ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ወይም የፊልትሮው ጎማ ቀለበት። ይህ መስመር በመምጠጥ የሚሠራ ስለሆነ ናፍጣ ወደ ውጭ ሳያፈስ አየር ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል፤ ደረቅ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው አይበሉ።

ውሃ ለማውጣት ከፊልትሮው ሥር ዕቃ ያስቀምጡ፣ የማውጫውን ጠመዝማዛ ሁለት ዙር ያህል ያላሉ፣ በላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ደጋግመው ይጫኑ፣ ንጹሕ ናፍጣ መውጣት ሲጀምር ይዝጉ። የወጣውን በጠርሙስ ለ10 ደቂቃ ያስቀምጡት፤ ውሃ ከታች ይዘቅጣል። በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ የሚጠቀም መኪና ይህን በየሳምንቱ ቢያደርግ አይበዛበትም። ውሃ የፖምፓውንና የኢንጀክተሩን ለስላሳ ብረት ያዝጋል፤ የነዚህ ክፍሎች ክፍተት የሚለካው በማይክሮን ነው።

ፊልትሮ በ20,000 ኪሎ ሜትር የሚለው የአምራች ቁጥር ንጹሕ ናፍጣን የሚመለከት ነው። እዚህ በ10,000 እንዲቀየር እንመክራለን። አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን ናፍጣ ሞልተው አይግጠሙ፤ ያልተጣራው ናፍጣ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይሄዳል። ባዶውን ገጥመው በእጅ ፖምፓው እስኪጠነክር ድረስ ይሙሉት።

6. የመምጠጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭ

በዴንሶ ፖምፓ ላይ ሁለት ቡሎን የያዘው ትንሽ ቫልቭ ኤስሲቪ ይባላል። ወደ ፖምፓው የግፊት ክፍል ምን ያህል ናፍጣ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው፤ የሬል ግፊቱን ኮምፒዩተሩ የሚቆጣጠረው በሱ በኩል ነው። ውስጡ ያለው ተንሸራታች ብረት በቆሻሻ ወይም በዝገት ሲያዝ ይዘገያል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ኮምፒዩተሩ ግፊቱ አነሰ ብሎ ይከፍታል፣ ይበዛበታል፣ ይዘጋል፣ ያንስበታል። በግራፉ ላይ የሚፈለገው ግፊት ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ያለው ግፊት ከላይና ከታች ሲወዛወዝ፣ ዙሩም ከሱ ጋር ሲወጣና ሲወርድ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው ይህ ቫልቭ ነው።

በቴስተር የቫልቩ የሽቦ ጥቅልል ሬዚስታንስ በ20 ዲግሪ ከ1.9 እስከ 2.3 ኦም ነው። ልክ ቁጥር ማሳየቱ ግን ጥቅልሉ አልተቃጠለም ማለት ብቻ ነው፤ መንሸራተቱን አይለካም። ስለዚህ ከኦሙ ይልቅ ግራፉን ይመኑ።

ከመፍታትዎ በፊት አካባቢውን በደንብ ያጥቡና ያድርቁ። ቡሎኖቹን በእኩል ያላሉ፣ ቫልቩን ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ያውጡ፣ ቀዳዳውን ወዲያውኑ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ። አዲሱን የጎማ ቀለበት በንጹሕ ናፍጣ አርሰው ያስገቡ። ቴፍሎንም ሆነ ማጣበቂያ አይጠቀሙ፤ የተላጠው ቅንጣት ኢንጀክተር ውስጥ ይገባል። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ሞቆ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ሚኒሞ ላይ ይቆይ፤ ኮምፒዩተሩ የአዲሱን ቫልቭ ጠባይ የሚማረው ያኔ ነው።

ግፊቱ ሳይወዛወዝ ነገር ግን ዳገት ላይ በሙሉ ፔዳል ከሚፈለገው በ150 ባር ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ብሎ የሚቆይ ከሆነ ፊልትሮውን በድጋሚ ያረጋግጡ፤ ከዚያ በሬሉ ጫፍ ያለውን የግፊት መገደቢያ መመለሻ ቱቦ ይፍቱና ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ። ሞተሩ እየሠራ ከዚያ ናፍጣ መውጣት የለበትም። ከወጣ መገደቢያው ያፈስሳል።

7. የአራቱ ሲሊንደሮች እርማት

አሁን ወደ ኢንጀክተሮቹ ደረስን። ውሃው ከ80 ዲግሪ በላይ ይሙቅ፣ ኤሲና መብራት ይጥፉ፣ መሪው ቀጥ ይበል። በቶዮታ ስካነር ላይ «ኢንጀክሽን ፊድባክ ቫልዩ» ከ1 እስከ 4፣ በሌሎች ላይ «ሲሊንደር ባላንስ» ወይም «ስሙዝ ራኒንግ» በሚል ስም ይገኛል።

ጤነኛ ሞተር ላይ አራቱም ከፕላስ 3 እስከ ማይነስ 3 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ውስጥ ናቸው፤ ጥሩው ከ1.5 አይበልጥም። ትልቅ ፕላስ ማለት ሲሊንደሩ ደካማ ነውና ኮምፒዩተሩ እየጨመረለት ነው። ትልቅ ማይነስ ማለት ኢንጀክተሩ ከታዘዘው በላይ ይረጫል ወይም ያንጠባጥባል። የአቀጣጠል ተራው 1-3-4-2 ስለሆነ የአንዱ ድክመት በተራ ተከታዩ ላይ በተቃራኒ ምልክት ሊታይ ይችላል፤ 3 ቁጥር ፕላስ 4 ሆኖ 4 ቁጥር ማይነስ 2 ካለ ዋናው ተጠርጣሪ 3 ነው።

ፕላስ የወጣ ሲሊንደር ኢንጀክተሩ ተበላሽቷል ለማለት ግን ገና ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ጉልበት ማነሱን እንጂ ያነሰበትን ምክንያት አይደለም። የመጭመቂያ ግፊቱ (ኮምፕሬሽኑ) የወረደ፣ ቫልቩ ያልገጠመ፣ ወይም የኢንጀክተሩ መቀመጫ የሚያፈስስ ሲሊንደርም ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። መለያው መጭመቂያን መለካት ነው። ስካነሩ የሚፈቅድ ከሆነ ናፍጣ ተዘግቶ ሞቶሪኖው ሲያዞር የየሲሊንደሩን ፍጥነት ያወዳድራል፤ ካልሆነ በካንዴሌታው ቀዳዳ በግፊት መለኪያ ይለካል። አዲስ አበባ ላይ የሚነበበው ቁጥር በባሕር ወለል ከሚጠበቀው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ሳይሆን አራቱን እርስ በርስ ያወዳድሩ።

ጠዋት ብቻ ተንቀጥቅጦ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚስተካከል ሞተር ከሆነ ካንዴሌታዎቹን ይለኩ። የደህናው 1 ኦም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የተቃጠለው መስመር ክፍት መሆኑን ያሳያል።

በ1ኬዲና በ2ኬዲ ላይ የኢንጀክተሩ መቀመጫ የመዳብ ቀለበት በተለይ ሊታይ የሚገባው ነው። ቀለበቱ ሲያፈስስ የተቃጠለው ጋዝ በኢንጀክተሩ ዙሪያ ወደ ላይኛው ክዳን ሥር ይወጣል፣ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ጠንካራ ጥቁር ካርቦን ይሠራል፣ ፍርፋሪው ወርዶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ የዘይት ግፊት ይወርድና ሞተሩ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ምልክቱ ሲነሳ የሚሰማ የትንፋሽ ዓይነት ድምፅ፣ የዘይት መሙያውን ሲከፍቱ የሚታይ ሬንጅ መሰል ክምችትና የጠዋት ማንኳኳት ነው። ካርቦን ከተገኘ ቀለበት መቀየር ብቻ አይበቃም፤ የዘይት ቋቱ ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። ቀለበቶቹ ኢንጀክተር በተነሳ ቁጥር በአዲስ ይተካሉ፣ መቀመጫውም ይጸዳል። በዚህ ላይ ቁጠባ የለም፤ የቀለበቱ ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

የየኢንጀክተሩን መመለሻ በአራት ጠርሙስ የመለካት ዘዴ በብዙ የቦሽ ሞተሮች ቀላል ነው፤ ከሌሎቹ ጎልቶ ብዙ የሚመልሰው ተበልቷል ማለት ነው። በነዚህ የቶዮታ ሞተሮች ግን መመለሻው ከላይኛው ክዳን ሥር ስለሚያልፍ ለየብቻ መለካት አይመችም። እዚህ የሚታመነው እርማቱ፣ መጭመቂያውና የሬል ግፊቱ አብረው ሲነበቡ ነው።

ኢንጀክተር መቀየሩ ከተረጋገጠ በራሱ ላይ የተጻፈውን ረጅም ኮድ፣ ሳይገጠም በፊት ፎቶ ያንሱ። ይህ ኮድ ያ ኢንጀክተር ከፋብሪካ ሲወጣ በተለያየ ግፊት ምን ያህል እንደሚረጭ የተለካበት ነው። ኮድ የሚጠይቅ ሞተር ላይ በትክክለኛው የሲሊንደር ቁጥር ሥር በስካነር መግባት አለበት። ከዚያ የቅድመ ርጭት ልምምዱ፣ በስካነሩ «ፓይለት ኳንቲቲ ለርኒንግ» የሚባለው፣ ሞተሩ ሞቆ ይሠራ። ኮዱ ሳይገባ የተሰጠ መኪና በአዲስ ኢንጀክተር ያንኳኳል፤ ባለቤቱም አስመሳይ ዕቃ የተሸጠለት ይመስለዋል። የግፊት ቱቦውም አብሮ ይቀየር፤ አንዴ የተጨመቀ ጫፍ በሌላ መቀመጫ ላይ በደንብ አይገጥምም።

8. በአየር በኩል

ኢጂአር ቫልቭ፣ ማለትም የተቃጠለውን ጋዝ በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው፣ ሚኒሞ ላይ ተከፍቶ ከቀረ ሲሊንደሮቹ ንጹሕ አየር ያጣሉ፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጥቁር ያጨሳል። የአየር መጠን ሴንሰር ባላቸው ላይ በስሌት ማረጋገጥ ይቻላል። ባለ 3.0 ሊትር ሞተር በ750 ዙር ኢጂአሩ ተዘግቶ አዲስ አበባ ላይ በሴኮንድ 14 ወይም 15 ግራም አየር ይስባል፤ በባሕር ወለል 19 ያህል። በስካነሩ ኢጂአሩን ዝጋ ብለው አዝዘው ቁጥሩ ወደዚህ ካልወጣ ቫልቩ በካርቦን ተይዟል ወይም ሴንሰሩ ቆሽሿል። ሴንሰሩ ለሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይታጠባል፤ በጣት ወይም በጨርቅ ከተነካ ያበቃለታል። ቫልቩ ወጥቶ ይጸዳል። በላሜራ መድፈን ምልክቱን ይደብቃል፤ ኮምፒዩተሩም የጠበቀውን የአየር ለውጥ ስለማያይ ኮድ ይመዘግባል።

ሞተሩ ሲጠፋ ክፉኛ የሚንገጫገጭ ከሆነ የአየር መግቢያ መዝጊያውን ይመልከቱ። ቁልፉ ሲዘጋ አየሩን ቆርጦ ሞተሩን በለስላሳ የሚያቆመው እሱ ነው፤ ካርቦን ሲይዘው አይዘጋም።

9. ሥራው ካለቀ በኋላ

ኮዶቹን ያጥፉ፣ ሞተሩን ያሙቁ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ዳገትና ሜዳ ያለበት መንገድ ላይ ይንዱ፣ ከዚያ በደረጃ 7 ሁኔታ እርማቱን እንደገና ያንብቡ። መንቀጥቀጡ ጠፍቶ አንዱ ሲሊንደር አሁንም ፕላስ 2.8 ላይ ካለ ጥገናው አልተጠናቀቀም፤ ኮምፒዩተሩ እየሸፈነው ነው።

አራቱን እርማቶች፣ የሚኒሞ የሬል ግፊቱን፣ ጠዋት የተነበበውን የአየር ግፊትና የኪሎ ሜትር ቁጥሩን በአንድ ወረቀት ጽፈው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ፊልትሮ ሲቀየር፣ ከሥሩ አዲስ መስመር ይጨምሩ። አንድ ሲሊንደር በሦስት ተከታታይ ንባብ ከ0.8 ወደ 1.5፣ ከዚያ ወደ 2.3 ከሄደ ገና ሳይንቀጠቀጥ የመዳብ ቀለበቱንና ኢንጀክተሩን የማስፈተሻው ጊዜ ነው።